«ኢካቦድ» የሚለው ስም ትርጉሙ «ክብር የለም» ነው ወይስ «ክብር ወዴት አለ»?

ፍቅረ ንባብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለወጣቶች የብሉይ ኪዳን ንባብ አስተባብራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 4 ደርሰናል። ልጆቹ የታቦቷን መማረክና የዳጎንን መውደቅ በየዓመቱ ኅዳር 21 ቀን ከሚሰሙት ስብከት በሚገባ ያውቁታል፤ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ስሟ እንኳ ሳይጠቀስ ስለምትሞተው ስለ ፊንሐስ ሚስት ግን አንዳቸውም ሰምተው አያውቁም ነበር።

ታሪኩን ለማታስታውሱት ላሳጥረው። እስራኤል በመጀመሪያው ውጊያ 4,000 ያህል ሰው አጡ፤ ከዚያ ታቦቷን ከሴሎ አስመጥተው በሁለተኛው ውጊያ ሲሰለፉ 30,000 እግረኛ ወደቀ፣ ታቦቷም ተማረከች፣ የካህኑ የዔሊ ሁለት ልጆች አፍኒንና ፊንሐስም ሞቱ። የ98 ዓመቱ ዔሊ ወሬውን ሲሰማ ከመቀመጫው ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ። ቀኗ የደረሰው ምራቱም ይህን ሁሉ ስትሰማ ምጧ ድንገት መጣባትና ተንበርክካ ወለደች። በአጠገቧ የነበሩት ሴቶች «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ወልደሻል» ቢሏት አልመለሰችላቸውም፤ ልጁን «ኢካቦድ» ብላ ጠራችው፣ ክብር ከእስራኤል እንደ ሄደ ተናገረች፣ ሞተችም።

ጥያቄዬ ስለ ስሙ ነው። በእጃችን ካሉት መጻሕፍት በአንዱ ኅዳግ ላይ «ክብር የለም» የሚል ማብራሪያ አገኘን፤ በሌላው ደግሞ «ክብሩ ወዴት ነው» ይላል። አንዱ አሉታ ነው፣ ሌላው ጥያቄ ነውና ሁለቱ በአንድ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ አይችሉም ብዬ አስባለሁ። ከዚህም በላይ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ክብር የሚያልቀው በ‹ር› ነው፣ ካቦድ ግን የሚያልቀው በ‹ድ› ነው፤ ታዲያ እንዴት አንድ ቃል ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ውለታው ትልቅ ነው።

ሆሄ ለቃሚ

የልጁ ጥያቄ ደስ ይላል። እኔ የምገምተው የፊደል ስሕተት ነው። በዕብራይስጥ «ዳሌት» እና «ሬሽ» የሚባሉት ፊደላት በቅርጻቸው እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው በላይኛው የቀኝ ጥግ ያለች ጥቂት ማዕዘን ብቻ ናት። በዚህም ምክንያት ገልባጮች አንዱን በሌላው የተኩባቸው ቦታዎች አሉ፤ በዕብራይስጡ ዘፍጥረት 10፥4 ላይ «ዶዳኒም» ተብሎ የተጻፈው ነገድ በአንደኛ ዜና መዋዕል 1፥7 «ሮዳኒም» ተብሏል። እንግዲህ «ካቦድ» የተባለውም መነሻው «ር» የነበረበት፣ ከእኛው «ክብር» ጋር አንድ የነበረ ቃል ይሆናል።

ዘመደ ልሳን

ወንድም ሆሄ ለቃሚ ያመጡት የ«ዶዳኒም» ምሳሌ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። የገልባጭ ስሕተት አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል እንጂ በአንድ ቋንቋ ውስጥ በመቶ በሚቆጠሩ ቦታዎች፣ በጎረቤት ቋንቋዎችም ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አይደርስም። በሸክላ ላይ በሚጻፈው፣ ዳሌትም ሬሽም በማያውቀው በአካድኛ (በጥንቱ የመስጴጦምያ ቋንቋ) «ካብቱ» ማለት ከባድ ማለት ነው፤ የተከበረ ማለትም ነው። ስለዚህ «ካቦድ» ከጥንቱ በ«ድ» የሚያልቅ ቃል ነው።

የልጁ ጥያቄ መልሱ እንዲህ ነው፦ «ክብር» እና «ካቦድ» አንድ ቃል አይደሉም። «ክብር» የዐረብኛው «ከቢር» (ትልቅ) እና በመጽሐፈ ኢዮብ የሚገኘው የዕብራይስጡ «ካቢር» (ኃያል) ዘመድ ነው። «ካቦድ» ግን የእኛው የ«ከበደ» ወንድም ነው። ሥሩ ክብደት ነው፤ ሚዛን የሚደፋ ነገር ነው። ዘፍጥረት 13፥2 አብራም በከብት፣ በብርና በወርቅ እጅግ ባለጠጋ እንደ ነበረ ሲናገር፣ ዕብራይስጡ ቃል በቃል «አብራም እጅግ ከባድ ነበር» ነው የሚለው። ከሀብት ክብደት ወደ ሰው ክብደት፣ ከሰው ክብደት ወደ ንጉሥና ወደ እግዚአብሔር ክብር ተሻገረ።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ እኛም ዘወትር የምንለው ነውና። «ከበድ ያሉ እንግዶች መጥተዋል» ስንል ኪሎአቸውን አልመዘንንም። «ክብደት ያለው ሰው ነው»፣ «ራሱን አቀለለ»፣ «በሰው ፊት አቀለለኝ» የምንለውም ከዚሁ ነው። አባት ልጁን «ከበደ» ብሎ ሲሰይም የሚመኝለትም ይህንኑ ነው፤ የሚፈራ፣ የሚደመጥ፣ በቀላሉ የማይገፋ ሰው እንዲሆን።

ወደ «ኢ» ልምጣ። ይህችም ለግእዝ አንባቢ ባዳ አይደለችም። በግእዝ «ኢ» ከግሥ ወይም ከስም ፊት ስትገባ ታፈርሳለች፤ ከዚያ ወርሰን ዛሬም «ኢሰብአዊ»፣ «ኢፍትሐዊ»፣ «ኢአማኒ» እንላለን። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ይህች አፍራሽ «ኢ» ብርቅ ናት፤ በኢዮብ 22፥30 «ኢ ናቂ» (ንጹሕ ያልሆነ) በሚለው ሐረግ ውስጥ ትገኛለች፤ በፊንቄያውያን ጽሑፎችም አለች። እንግዲህ «ኢካቦድ»ን በግእዝ ጆሮ ብንሰማው ተርጓሚ ሳያሻን «ክብደት አልባ» እንለዋለን። እናቲቱ ራሷ ከሰጠችው ምክንያት ጋር የሚስማማውም ይህ ነው፤ ክብር ሄዷልና ልጁ «ክብር የለም» ተባለ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ማትያስም የልጁን ስም ጥቂት ለወጥ አድርጎ ከጻፈ በኋላ ትርጉሙ «ክብር ማጣት» እንደ ሆነ ነግሮናል። (ልጁ በሰባት ወሩ ተወለደ የሚለውን የጨመረውም እርሱ ነው፤ በሳሙኤል መጽሐፍ ይህ የለም።)

የሐይፋዋ

በልጅነቴ ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጣሁ ነኝ፤ አማርኛውን ከእናቴ፣ ዕብራይስጡን ከትምህርት ቤትና ከሥራ ቦታ ነው የያዝሁት። ዘመደ ልሳን ያሉት ነገር እኔ ላይ በደረሰ አንድ ገጠመኝ ይታያል። በሆቴል ወጥ ቤት ሥራ በጀመርሁ ሰሞን የወጥ ቤቱ ኃላፊ «ካቬዱን ከማቀዝቀዣው አምጪ» አለኝ። «ካቬድ» ማለት ከባድ ማለት እንደ ሆነ አውቃለሁና ከሁሉ የሚከብደውን የድንች ሣጥን ጎትቼ አመጣሁለት። ሰውየው የፈለገው ጉበት ነበር! በዕብራይስጥ ጉበትም «ካቬድ» ነው፤ ፊደሉም ንባቡም አንድ ነው። ማታ ለእናቴ ብነግራት እስክትታክት ሳቀችና፣ አንዲት ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤታችን ደግሞ «እኛም ሆድን ከብዲ እንላለን» አለችን።

በዚህ አገር የዕለት ንግግር «ኢ» ሕያው ናት። «አይቻልም» ለማለት «ኢ ኤፍሻር» ይባላል፤ ግፍንና ፍትሕ ማጣትን «ኢ ጼዴቅ» ይሉታል፤ የእኛው «ጽድቅ» ከፊቱ «ኢ» ገብቶበት ማለት ነው። ሰው መልካም ሲሠራ ደግሞ «ኮል ሃካቮድ» ይባላል፤ ክብር ሁሉ ለአንተ ይሁን እንደ ማለት ነው። የሙሴ እናት የዮካብድ ስምም ከዚሁ ከ«ካቦድ» የመጣ ሲሆን፣ «ዮኼቬድ» ተብሎ እስከ ዛሬ ለሴት ልጅ ይወጣል። «ኢኻቮድ» የሚባል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ማንስ ልጁን እንዲያ ብሎ ይሰይማል?

ፍቅረ ንባብ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ የድንቹ ሣጥን ለቅዳሜ ትምህርት ይጠቅመኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ዘመደ ልሳን «ክብር የለም» የሚለውን መረጡ፤ ታዲያ «ወዴት ነው» የሚለው ከየት መጣ? የኅዳጉ ጸሐፊ ዝም ብሎ አልፈጠረውም መቼስ።

ዘመደ ልሳን

አልፈጠረውም፤ ጠንካራ መሠረት አለው። የአክዓብን ሚስት የኤልዛቤልን ስም ይውሰዱ። በዕብራይስጡ «ኢዜቤል» ነው፤ አጀማመሩ ከ«ኢካቦድ» ጋር አንድ ነው። በሶርያ ጠረፍ በራስ ሻምራ ከ1929 ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ በኡጋሪት ቋንቋ የተጻፉ የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል፤ በእነዚያ ጽላቶች ላይ ባለው የበኣል ታሪክ ውስጥ አምላኩ በጠፋ ጊዜ «ኃያሉ በኣል ወዴት ነው? የምድር ጌታ የሆነው ልዑል ወዴት ነው?» የሚል ጩኸት አለ። «ወዴት» የሚለው በኡጋሪት «ኢይ» ነው፣ «ልዑል» የሚለው ደግሞ «ዝብል» ነው። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት የኤልዛቤልን ስም «ልዑሉ ወዴት ነው?» ብለው ይፈቱታል፤ «ኢካቦድ»ንም በዚያው መንገድ «ክቡሩ ወዴት ነው?» ይሉታል። የግእዙ «አይቴ» ከዚህ መጠይቅ ቤተሰብ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አናባቢው ነው፤ በዕብራይስጥ «ወዴት» የሚለው አጭር መጠይቅ እግዚአብሔር ቃየንን «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ብሎ እንደ ጠየቀበት ቦታ «ኤ» ነው እንጂ «ኢ» አይደለም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በዘኍልቍ 26፥30 «ኢዔዝር» የተባለው ሰው በኢያሱ 17፥2 «አቢዔዝር» ተብሎ ተጽፏል። በስም መነሻ ላይ ያለች «ኢ» አንዳንዴ «አቢ» (አባቴ) ከሚለው ተሸርፋ የቀረች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። በዚህ ስሌት «ኢካቦድ» ድሮ «አባቴ ክብር ነው» የሚል፣ ከዮካብድ ስም የማይርቅ መልካም የቤተ ካህናት ስም ሆኖ፣ በዚያ መከራ ቀን በሌላ ትርጉም የተሰማ ሊሆን ይችላል። ይህ አሳማኝ ነው፤ ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ስሙ ምን ማለት ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ስም ድሮ የነበረው ፍች አንድ ነገር ነው፤ ስሙን የሚያወጣው ሰው ዛሬ የሚሰማበት ፍች ሌላ ነው።

አራተኛውን የሰጡን የግሪክ ተርጓሚዎች ናቸው፤ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የእነርሱ ነው። በሰባ ሊቃናት ትርጉም ልጁ የተጠራው «ኡዋይ ባርካቦት» ተብሎ ነው። «ኡዋይ» የእኛው «ወይ!»፣ «ወዮ!» ነው። በመክብብ 10፥16 ንጉሧ ሕፃን የሆነባትን አገር «ወዮልሽ» የሚለው ዕብራይስጥም ያችኑ «ኢ» ይጠቀማል፤ ተርጓሚዎቹ ያለ ምክንያት አልሄዱም። የሰሙት ስም ሳይሆን ሙሾ ነው።

ሆሄ ለቃሚ

ስሕተቴን ተቀብያለሁ። ከዚህ የተነሣ ምዕራፎቹን እንደገና አየኋቸው፤ ዕብራይስጡን ቃል በቃል ከሚያሳይ መጽሐፍ ጋር አስተያይቼ ሳነብ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ ስሙ ብቻውን የቆመ አይደለምና።

በምዕራፍ 2፥29 የእግዚአብሔር ሰው ዔሊን «ልጆችህን ከእኔ ይልቅ አከበርህ» ብሎ ይወቅሰዋል፤ ግሡ ከ«ከበደ» ነው። በሚከተለው ቁጥር የሚያከብሩኝን አከብራለሁ የሚለው የዚያው ግሥ ነው፤ የሚንቁኝ የተባሉት ግን ፍርዳቸው «ዬቃሉ» ነው፤ ይቀልላሉ! አማርኛችን በማክበርና በመናቅ ስለ ተረጎመው ሚዛኑ አይታይም እንጂ፣ ዕብራይስጡ አንዱ የሚከብድበት፣ ሌላው የሚቀልልበት ነው። ከዚያ በ4፥18 ዔሊ ሲወድቅ አንገቱ የተሰበረው «ሽማግሌና ከባድ» ስለ ነበረ ነው ይላል። ልጆቹ ከሕዝቡ መሥዋዕት ምርጥ ምርጡን እየወሰዱ ከሚያደልቡት ቤት የወጣ ክብደት መሆኑን ምዕራፍ 2 አስቀድሞ ነግሮናል። ከሦስት ቁጥር በኋላ የልጅ ልጁ «ክብደት የለም» ተብሎ ይሰየማል።

በዚህም አያበቃም። በ5፥6 የእግዚአብሔር እጅ በአዛጦን ሰዎች ላይ «ከበደች»። ታቦቷ በፍልስጥኤማውያን አገር ሰባት ወር ከቆየች በኋላ በ6፥5 የራሳቸው ካህናት «ለእስራኤል አምላክ ካቦድ ስጡ» ብለው ይመክራሉ፤ በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ግብፃውያንና ፈርዖን ልባቸውን እንዳከበዱ ልባችሁን አታክብዱ ይሏቸዋል። ሴቲቱ ከእስራኤል ሄደ ያለችው ክብደት በጠላት አገር ሆኖ ሲጫን እንመለከታለን።

ዘመደ ልሳን

እጅግ መልካም ንባብ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ክብር ከእስራኤል ሄደ» በሚለው ውስጥ ያለው ግሥ ለተማረከና ከአገሩ ለተሰደደ ሕዝብ የሚነገረው «ጋላ» ነው። ስለዚህ ሴቲቱ ያለችው ክብር ቀነሰ ወይም ደበዘዘ አይደለም፤ ተማርኮ ተሰደደ ነው። መዝሙረ ዳዊት በግእዙ ቍጥር 77 በዕብራይስጡ 78 ይህንኑ ቀን ያነሣል፤ የሴሎን ማደሪያ መተውን፣ ኃይሉን ለምርኮ መስጠቱን፣ ካህናቱ በሰይፍ መውደቃቸውንና መበለቶቻቸው አለማልቀሳቸውን ይናገራል። ያቺ መበለት አላለቀሰችም፤ ስም አወጣች።

ፍቅረ ንባብ

ይህን ሁሉ አልጠበቅሁም ነበር። ያ እጁን ያወጣው ልጅ የአባቱ ስም ከበደ ነው፤ የጥያቄውን መልስ በየቀኑ ስም ሲጠራ «አቤት» እያለ ይዞት ይዞር ነበር። ቅዳሜ መጀመሪያ የምጠይቀው የአባቱን ስም ትርጉም ነው።

ደግሞ የሐይፋዋ እኅታችን «ማን ልጁን እንዲያ ብሎ ይሰይማል» ያለችው ቤታችን ያለውን ልማድ አስታወሰኝ። በእኛ ዘንድ አባቱ ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ ስሙ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እንለዋለን። አያቴ አጎቴን የወለደችው ባሏ በተቀበረ በአርባ ቀኑ ገደማ ሲሆን፣ አራስ ቤት የተሰበሰቡት ሴቶች እርሷ አፏን ሳትከፍት «ካሳ» ብለው ሰየሙት፤ እርሷም አልተቃወመችም። በሴሎ የነበሩት ሴቶችም ይህንኑ ሊያደርጉ ፈልገው ነበር። «ወንድ ልጅ ወልደሻል» ማለታቸው ካሳ አግኝተሻል ማለት ነው። እርሷ ግን አልተቀበለችም፤ የሄደው ነገር በልጅ የሚካስ አይደለም አለች። እስከ ዛሬ ይህን ቁጥር ሳነብ ሴቲቱ ስለ ባሏ ያዘነች ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ከአማቷም ከባሏም አስቀድማ ታቦቷን መጥራቷን አየሁ።

ኅዳጉ ላይስ ምን ብጽፍ ይሻላል ትላላችሁ? «ክብር የለም» ብቻ?

ዘመደ ልሳን

«ክብር የለም፤ ቃል በቃል ክብደት የለም» ብለው ይጻፉት። ከሥሩ በትንሹ «ክብር ወዴት ነው የሚሉም አሉ» ቢጨምሩበት አይጎዳም፤ የኋላው ትርጉም እውቀት ባላቸው ሰዎች የተያዘ ነውና።

አንድ ነገር ግን ለልጆቹ አስቀድመው አይንገሯቸው። የሕፃኑ ስም በዚያ ቀን አልቀረም። ምዕራፍ 14፥3 ስትደርሱ ሳኦል 600 ያህል ሰዎች ይዞ በጊብዓ ዳርቻ ተቀምጦ ሳለ ከእርሱ ጋር ኤፉድ የለበሰ አኪያ የሚባል ካህን አለ። አኪያ የአኪጦብ ልጅ ነው፣ አኪጦብም የፊንሐስ ልጅ ነው፤ የዘር ሐረጉ በዚህ በበቃ ነበር። ጸሐፊው ግን በመካከል «የኢካቦድ ወንድም» የሚል አስገብቷል። ለአኪያ አጎቱ እንጂ አባቱ አይደለምና ለትውልድ ቆጠራው አያስፈልግም ነበር። ለምን እንደ ገባ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት፤ በተለይ የከበደ ልጅ።